የሕዋስ ክፍፍልን በሽንኩርት ሥር ጫፍ ላይ ማየት

የሕዋስ ክፍፍል በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ላይ በቅደም ተከተል ተደርድሮ ቢቀርብም፣ በሕያው ሥር ውስጥ ግን ደረጃዎቹ ሁሉ ጎን ለጎን ተቀላቅለው ይገኛሉ። ለዚህ ሙከራ ቀይ ሽንኩርት የሚመረጠው በቀላሉ ስለሚገኝ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ የሥሩ ሕዋስ ውስጥ ያሉት ክሮሞሶሞች (ዘረመልን የተሸከሙ ክር መሰል አካላት) 16 ብቻ ከመሆናቸውም በላይ ትልልቅ ስለሆኑ፣ 400 እጥፍ በሚያጎላ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይታያሉ።

በመጀመሪያ የሽንኩርቱን ደረቅ ሥሮች መብቀያውን ሳትጎዱ በምላጭ አንሡ። ጎኑ ላይ ስቴኪኒ ሰክታችሁ፣ ሥር የሚያወጣው ጫፉ ብቻ ውሃ እንዲነካ አድርጋችሁ በብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡት፤ ውሃውንም በየቀኑ ቀይሩ። ሥሮቹ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝሙ ቆርጣችሁ፣ ጥንካሬው 1 ሞላር በሆነና 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ለ5 ደቂቃ አቆዩአቸው። አሲዱ ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣበቀውን ነገር ስለሚያላላ፣ ይህ እርምጃ ከተዘለለ ሥሩ ሲጫኑት አይሳሳም። መነጽርና ጓንት ማድረግ ግዴታ ነው፤ ሥሮቹም በወረንጦ ተይዘው በውሃ በደንብ ይታጠቡ።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የሚከፋፈሉት ሕዋሳት ያሉት በሥሩ መጨረሻ 2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስለሆነ፣ ያንን ብቻ ቆርጣችሁ የቀረውን ጣሉት። ጫፉን በስላይድ ላይ በመርፌ በታትናችሁ የቶሉዲን ብሉ ማቅለሚያ ጠብ አድርጉበት፤ ከ2 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ማቅለሚያ በወረቀት አድርቃችሁ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ጨምራችሁ በስስ መሸፈኛ መስታወት ክደኑት። ከላይ ወረቀት አጥፋችሁ በአውራ ጣት ቀጥታ ወደ ታች ተጫኑ፤ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሕዋሳቱ ይጠቀለላሉ።

በዝቅተኛው ሌንስ ስትጀምሩ ረዣዥም ሕዋሳት ካያችሁ የቆረጣችሁት ከጫፉ በላይ ነው ማለት ነው፤ የሚፈለጉት ትንንሽ፣ አራት ማዕዘን የሚመስሉና ትልቅ ኒውክለስ ያላቸው ናቸው። በመጀመሪያው የክፍፍል ደረጃ፣ በፕሮፌዝ፣ ክሮሞሶሞቹ እንደ ተወሳሰበ ክር ይታያሉ፤ ቀጥሎ በሚመጣው በሜታፌዝ በሕዋሱ ወገብ ላይ ይሰለፋሉ። በሦስተኛው ደረጃ፣ በአናፌዝ፣ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፦ ከክፍፍሉ በፊት እያንዳንዱ ክሮሞሶም ራሱን አባዝቶ ስለነበር፣ እኅትማማች ክሮማቲዶች (የተባዛው ክሮሞሶም ሁለት ቅጂዎች) ሲለያዩ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ክሮሞሶሞች ሆነው ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ሕዋሱ ለጊዜው 32 ክሮሞሶም ይኖረዋል፣ ወደ እያንዳንዱ የሕዋሱ ዋልታ (ጫፍ) 16 ይሄዳሉ። ሁለቱ ልጅ ሕዋሳት አንድ ዓይነት ዘረመል የሚወርሱት በዚህ መንገድ ነው። በመጨረሻው ደረጃ፣ በቴሎፌዝ፣ ማብቂያ ላይ፣ እንደ እንስሳት ሕዋስ ወገቡ ከመሰርጎድ ይልቅ፣ መሃል ላይ አዲስ ግድግዳ ሲበቅል ታያላችሁ።

በመጨረሻ 200 ያህል ሕዋሳት ቆጥራችሁ በየደረጃቸው መዝግቡ። ለምሳሌ 18ቱ በክፍፍል ላይ ከሆኑ የክፍፍሉ መጠን 9 በመቶ ነው። ሕዋሳቱ በአንድ ጊዜ ስለማይከፋፈሉ፣ በብዛት የሚገኘው ደረጃ ረጅም ጊዜ የሚወስደው እንደሆነ በግምት መናገር ይቻላል፤ አናፌዝ ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግረውም አጭር ስለሆነ ነው። ቁጥሩ ጥቂት ከሆነ አጋጣሚ ያዛባዋልና የጓደኞቻችሁን ቆጠራ ደምራችሁ አስሉ።