ፎርማት ከማድረግ በፊት፦ ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮሰሶችንና የሜሞሪ ፍጆታቸውን ማንበብ

በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልድያ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች አንድ ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ሲጀምር ቀድሞ የሚሰማው መፍትሔ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ ግን የችግሩን ምልክት ሁሉ አብሮ ስለሚያጠፋ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀርና ያው ድራይቨር (የኮምፒውተሩን ክፍሎች ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) እና ያው ፕሮግራም ተመልሰው በተጫኑ ማግስት መንቀራፈፉም ይመለሳል። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ የሚሰጠውን መረጃ ማንበብ ይገባል፤ ለዚህም ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር አብሮ ከሚመጣው ታስክ ማናጀር ሌላ የሚገዛም ሆነ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር አያስፈልግም።

ታስክ ማናጀርን ለመክፈት የኮንትሮል፣ የሺፍትና የኤስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት መጫን ይበቃል። በዊንዶውስ 10 ትንሽ መስኮት ብቻ ከመጣ ከግርጌው «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ይጫኑ። ፕሮሰስ ማለት በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ወይም የፕሮግራም ክፍል ነው። «ፕሮሰስስ» በሚለው ገጽ ላይ ተጠቃሚው ራሱ የከፈታቸው ፕሮግራሞች፣ ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮሰሶችና የዊንዶውስ የራሱ ፕሮሰሶች ተለይተው ተደርድረዋል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ዎርድንና ክሮምን ብቻ ከፍቶ ሳለ ከመቶ የሚበልጥ ፕሮሰስ ሲያይ ኮምፒውተሩ በቫይረስ የተወረረ ይመስለዋል።

የፕሮሰሶች መብዛት ብቻውን የችግር ምልክት አይደለም። ከዝርዝሩ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው «ሰርቪስ ሆስት» የሚባለው ሲሆን፣ ሥራው የዊንዶውስን ልዩ ልዩ አገልግሎቶች፣ ለምሳሌ የኔትወርክን፣ የድምፅንና የአፕዴትን አገልግሎት ማሠራት ነው። ቀድሞ በርካታ አገልግሎቶች በአንድ ሰርቪስ ሆስት ውስጥ ተጠቃለው ስለሚሠሩ አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹንም ይዞ ይወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ግን ከ3.5 ጊጋባይት በላይ ራም (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ሜሞሪ) ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ አብዛኞቹ አገልግሎቶች ለየብቻቸው እንዲሠሩ ተደረገ። ስለዚህ 2 ጊጋ ራም የነበረው ኮምፒውተር ወደ 8 ጊጋ ሲያድግ የፕሮሰሶቹ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ራም አስጨምሮ «ጭራሽ ባሰበት» እያለ ለሚመለስ ደንበኛ መልሱ ይኸው ነው።

እውነተኛው መረጃ ያለው «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ገጽ ውስጥ «ሜሞሪ» በሚለው ሥር ነው። 4 ጊጋ ራም ያለውን አንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር በምሳሌነት እንውሰድ። ዎርድ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቴሌግራምና ጥቂት ገጾች የያዘ ክሮም ተከፍተውበታል እንበል፤ በገጹ ላይም «ኢን ዩዝ» 3.1 ጊጋባይት፣ «አቬይለብል» 0.8 ጊጋባይት፣ «ካሽድ» 0.7 ጊጋባይት፣ «ኮሚትድ» ደግሞ 5.2 ከ7.4 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፏል። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አይቶ «ራሙ ሞልቷል» ይላል። ሆኖም ከአራቱ ቁጥሮች ይበልጥ ሊታዩ የሚገባቸው ሁለተኛውና አራተኛው ናቸው።

«አቬይለብል» ማለት አንድ ፕሮግራም ሜሞሪ ሲጠይቅ ወዲያው ሊሰጠው የሚችለው መጠን ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ባዶ አይደለም፤ ዊንዶውስ ቀደም ሲል የተከፈቱ ፋይሎችንና ፕሮግራሞችን ዳግም ቢፈለጉ ከዲስክ እንዳያነብ ብሎ ያቆያቸው ናቸው። በባቲ የሰኞ ገበያ ባለቤቱ ያልደረሰበትን መደብ ይዞ የሚሸጥ ሰው ባለመደቡ ሲመጣ ዕቃውን እንደሚያነሣ ሁሉ፣ ይህም ክፍል የሚፈልገው ፕሮግራም ሲመጣ ያለ ክርክር ይለቀቃል። ስለዚህ «ካሽድ» የሚለው ቁጥር ትልቅ መሆኑ ጥቅም እንጂ ብክነት አይደለም።

«ኮሚትድ» ለፕሮግራሞች ቃል የተገባላቸው ጠቅላላ ሜሞሪ ሲሆን፣ ከጎኑ ያለው ሁለተኛው ቁጥር የቃል ኪዳኑ ጣሪያ ነው። ጣሪያው የሚገኘው ራሙና፣ ራሙ ሲጠብ ማገዣ እንዲሆን በዲስኩ ላይ የተቀመጠው የፔጅ ፋይል ሲደመሩ ነው። በምሳሌያችን 5.2 ጊጋባይት ቃል ሲገባ ራሙ ከ4 ጊጋ አይበልጥም፤ ትርፉ በከፊል ተጨምቆ በራሙ ውስጥ፣ በከፊል በፔጅ ፋይሉ ላይ ይገኛል፤ የተወሰነው ደግሞ በፕሮግራሞቹ ተጠይቆ ገና ያልተነካ ነው። ይህ ቁጥር ወደ ጣሪያው ሲጠጋ ፕሮግራሞች «ሜሞሪ አነሰኝ» ብለው ይዘጋሉ፤ በአንድ የጽሕፈት ቤት ውስጥም ያልተቀመጠ መመረቂያ ጽሑፍ የሚጠፋው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው። ኢን ዩዝ 80 በመቶ ደርሶ ኮሚትድ ከጣሪያው ሩቅ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ራሙን በአግባቡ እየተጠቀመበት ነው ማለት ይቻላል።

«ራም የሚያጸዱ» ፕሮግራሞችን የማልመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያደርጉት ፕሮግራሞች እየሠሩበት ያለውን መረጃ ከራም አስገድደው ማስወጣት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ለጊዜው ዝቅ ይልና ተጠቃሚው ወደ ዎርድ ሲመለስ ያው መረጃ ከዲስክ እንደገና መነበብ ይኖርበታል፤ ሃርድ ዲስኩ አሮጌ በሆነበት ኮምፒውተር ላይ ይህ ከቀድሞው የባሰ መዘግየት ያመጣል። በብዛት የሚከፈቱ ፕሮግራሞችን አስቀድሞ ወደ ራም የሚጭነውን «ሲስሜይን» የተባለውን አገልግሎት አጥፉ የሚለው ምክርም ተስፋ የሚሰጠውን ያህል አያስገኝም። አገልግሎቱ አስቀድሞ የሚጭነው ነገር የሚያርፈው ሊለቀቅ በሚችለው ክፍል ውስጥ በመሆኑ፣ ማጥፋቱ ከማብራት በኋላ የሚታየውን የዲስክ ሥራ ሊቀንስ ቢችልም ለፕሮግራሞች የሚተርፈውን ሜሞሪ አይጨምርም።

ቀጥሎ ወደ ፕሮሰሶቹ ገጽ ይመለሱና «ሜሞሪ» የሚለውን ርእስ በመጫን ከትልቁ ወደ ትንሹ ያሰልፏቸው። እዚህ የሚታየው ቁጥር እያንዳንዱ ፕሮሰስ ለብቻው የያዘው እንጂ ከሌሎች ጋር የሚጋራው ስላልተካተተበት፣ ሁሉም ቢደመሩ እንኳ «ኢን ዩዝ» ከሚለው ጋር አይገጥሙም፤ ከርነል የሚባለው የዊንዶውስ እምብርትና ድራይቨሮች የያዙትም፣ ተጨምቆ የተቀመጠውም በዝርዝሩ ላይ አይታይም። አንድን ቁጥር አንድ ጊዜ አይቶ ከመፍረድ ይልቅ ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ መመልከት ይሻላል። ክሮም በ10 ገጾች 1 ጊጋባይት ቢይዝ የሚያስገርም አይደለም፤ ምንም ሳይሠራበት ከሰዓት ሰዓት እያደገ የሚሄድ አነስተኛ ፕሮግራም ግን የወሰደውን ሜሞሪ የማይመልስ ነው፤ መዘጋትና መታደስ ያለበትም እርሱ ነው።

አልፎ አልፎ ኢን ዩዝ በጣም ከፍ ብሎ ሳለ በዝርዝሩ ውስጥ ትልቅ ፕሮሰስ አይገኝም። በዚህ ጊዜ በሜሞሪ ገጽ ላይ «ነን ፔጅድ ፑል» የሚለውን መስመር ይመልከቱ። ይህ ድራይቨሮች የሚጠቀሙበትና ወደ ዲስክ ሊወርድ የማይችል ክፍል ሲሆን፣ በአብዛኛው በመቶዎች ከሚቆጠር ሜጋባይት አይበልጥም፤ ከ1 ጊጋባይት አልፎ እያደገ ከሄደ ጥርጣሬው በኔትወርክ ካርድ ወይም በአንቲቫይረስ ድራይቨር ላይ ይወድቃል፤ ድራይቨሩንም ከኮምፒውተሩ አምራች በሚገኘው መተካት ያስፈልጋል። እስከዚያው ድረስ «ሪስታርት» ያድርጉ እንጂ «ሻት ዳውን» አድርገው መልሰው አያብሩ። «ፋስት ስታርትአፕ» በተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ ሻት ዳውን ከርነሉንና ድራይቨሮቹን እንዳሉ በዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ መልሶ ስለሚያነሣቸው፣ ማታ ማታ በአግባቡ የሚጠፋ ኮምፒውተር ለሳምንታት አንድም ቀን በትክክል ሳይታደስ ሊቆይ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ተጠቃሚ ጥቂት ነው።

የማይነኩትን ማወቅም ተገቢ ነው። «ሲስተም»፣ «ሬጂስትሪ»፣ «ክላየንት ሰርቨር ራንታይም ፕሮሰስ» እና «ሎካል ሴኩሪቲ ኦቶሪቲ ፕሮሰስ» የዊንዶውስ ምሰሶዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹን በግድ መዝጋት ኮምፒውተሩን ወዲያው ያቆመዋል። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክሰኪዩተብል» የዊንዶውስ ዲፌንደር ሲሆን ለመዘጋትም ፈቃድ አይሰጥም። «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ ላይ «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» ከሲፒዩው 95 በመቶ ይዞ ቢታይ ሲፒዩው ሥራ ፈትቷል ማለት ነው።

በእኛ አካባቢ ኮምፒውተሮች ላይ በተለይ የሚያሳስበው ከደንበኛ ፍላሽ ጋር የሚመጣው፣ ፋይሎችን ደብቆ በሾርትከት የሚተካው የሾርትከት ቫይረስ ነው። አስመሳይ ፕሮሰስን ለመለየት የተለመደው ምክር በስሙ ላይ በቀኝ ተጭኖ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» በማለት ፋይሉ ከዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስተም 32 በሚባለው ሥር መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ሰርቪስ ሆስት ነኝ እያለ በሌላ ፎልደር ውስጥ የተገኘ ፋይል በአብዛኛው አስመሳይ ነው። የሾርትከት ቫይረስ ግን ብዙ ጊዜ በስክሪፕት የተጻፈ ስለሆነ የሚሠራው «ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» በተባለው የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራም በኩል ነው፤ ፕሮግራሙ በትክክለኛ ቦታው ተቀምጦ ይገኛል፣ የሚይዘውም ሜሞሪ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ ከዝርዝሩ ግርጌ ይደበቃል። ለማጋለጥ በዲቴይልስ ገጽ ላይ ከርእሶቹ በአንዱ ላይ በቀኝ ይጫኑና «ሴሌክት ኮለምስ» ብለው «ኮማንድ ላይን» የሚለውን ያክሉ። ስክሪፕት ሆስቱ የሚያሠራው ፋይል «አፕ ዳታ» ወይም «ቴምፕ» ከሚባል ፎልደር ውስጥ ከሆነና እርስዎም ሆኑ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ያላስቀመጣችሁት ከሆነ፣ መጀመሪያ ፕሮሰሱን ዝጉ፤ ከዚያ የስክሪፕቱን ፋይልና በስታርትአፕ ውስጥ ያለውን መነሻውን አጥፍታችሁ ሙሉ ስካን አድርጉ። መነሻው ካልጠፋ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ይመለሳል።

የጠዋት መንቀራፈፍ ሌላ ምክንያት አለው። ዊንዶውስ የአፕዴት፣ የስካንና የዲስክ ጥገና ሥራዎቹን ለመሥራት የተመደበለት የተለመደ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ማታ የሚጠፋ ወይም መብራት የሄደበት ኮምፒውተር ይህን ስለማያገኝ ያመለጠውን ሥራ ቀን ክፍተት ሲያገኝ ይጀምራል። በምሳ ሰዓት ከመብራት ጋር እንደተያያዘ ሥራ ሳይሠራበት ቢቆይ ብዙውን ያጠናቅቃል። ኢንተርኔቱ ከስልክ የሚጋራ ከሆነ ደግሞ በዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ማብራት የአፕዴትን ማውረድ ይገድባል።

ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡትን ለመቀነስ «ስታርትአፕ» ወደሚለው ገጽ ይሂዱ። ፓወር ግዕዝን፣ አንቲቫይረሱን፣ የድምፅና የታችፓድ ድራይቨሮችን ይተዉ፤ ቴሌግራምን፣ ቲምስንና የፕሪንተሩን የማስታወቂያ መስኮት «ዲሴብል» ማድረግ አይጎዳም፣ ሲያስፈልጉ ይከፈታሉና። በክሮም ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም» በሚለው ሥር ክሮም ከተዘጋ በኋላ ከጀርባ መሥራቱን እንዲቀጥል የሚፈቅደውን ምርጫም ያጥፉት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ሪስታርት ተደርጎ፣ ለሥራ የሚያስፈልጉት ብቻ ተከፍተው ኮሚትድ ከራሙ እጅግ የሚበልጥ ከሆነ፣ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው በሪሶርስ ሞኒተር ውስጥም «ሃርድ ፎልትስ» የሚለው ቁጥር (በራሙ ውስጥ ያልተገኘ መረጃ ከዲስክ የተነበበበት ጊዜ ብዛት) ሳያቋርጥ ከፍ ብሎ ዲስኩ 100 በመቶ ከተያዘ ራሙ በእርግጥ አንሷል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ራም ቢገባለትም አይጠቀምበትም፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ያስፈልገዋል። ባለ 64 ቢት ከሆነ ግን ወደ ገበያ ከመሄድዎ በፊት በሜሞሪ ገጹ ላይ «ስፒድ» (ፍጥነቱን)፣ «ስሎትስ ዩዝድ» (የተያዙትን የራም ማስገቢያዎች) እና «ፎርም ፋክተር» (የራሙን ቅርጽ) የሚሉትን ሦስት መስመሮች በወረቀት ላይ ይጻፉ። ስፒዱ 1333 ወይም 1600 ከሆነ ራሙ በብዛት ዲዲአር 3 የተባለው ዓይነት ነው፤ ከ2400 እስከ 3200 ከሆነ በብዛት ዲዲአር 4፤ ሁለቱ እርስ በርስ አይገጣጠሙም። ከሁለት ስሎት አንዱ ብቻ የተያዘ ከሆነ ነባሩን ሳይጥሉ ሁለተኛ መጨመር ይቻላል፤ ነባሩን ራም ነቅለው ለሻጩ ማሳየት ግን ከማንኛውም ማስታወሻ ይበልጣል።