ካንዴላ ከመግዛትዎ በፊት የሚቆራርጠውን ሲሊንደር ይለዩ

ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል) እና ዲስትሪቢዩተር (ኤሌክትሪኩን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል) ያለው እንደ ቶዮታ ዲኤክስ ያለ የቆየ መኪና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር እየሠራ) ሲቆም መንቀጥቀጥና መቆራረጥ ከጀመረ፣ ካንዴላውን (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ ሰጪ)፣ ቦቢናውን (ቮልቱን ከፍ የሚያደርገውን ጥቅል) እና ፑንቲናውን (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ) በአንድ ጊዜ ከመቀየር ይልቅ ሥራ ያቆመውን ሲሊንደር (ነዳጁ የሚቃጠልበትን የሞተር ክፍል) አስቀድሞ መለየት ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ሞተሩን ካሞቁ በኋላ አጥፍተው የአንዱን ካንዴላ ገመድ ይንቀሉ፤ ጫፉ ላይ ትርፍ ካንዴላ ሰክተው የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ ካገናኙ በኋላ፣ ገመዱን በእጅዎ ሳይነኩ ሞተሩን አስነሥተው ያዳምጡ። መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነውና ሞተሩን አጥፍተው ገመዱን ይመልሱ፣ ቀጣዩንም እንዲሁ ይሞክሩ፤ ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ችግሩ እዚያው ነው። እባክዎ ሞተሩ እየሠራ ገመድ አይንቀሉ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስላለው ክፉኛ ይመታል።

ቀጥሎ የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ ፈትተው ጫፉን ይመልከቱ። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም ጤናማ ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ በዘይት መራሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ የሚከላከለው የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ መድከሙን ያመለክታል። ካንዴላውን ከጎረቤቱ ጋር ሲያለዋውጡት መቆራረጡም አብሮ ከተዛወረ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ ካልተዛወረ ገመዱን በሌላ ይፈትሹ፣ እሱም ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ያስለኩ።

መኪናው የሚቆራርጠው በክረምት ጠዋት ብቻ ከሆነ ግን፣ እኔ ከሁሉ በፊት የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቶ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ መጥረግንና ስንጥቅ መፈለግን አስቀድማለሁ።