ወንበር ከመጨመራችሁ በፊት፦ የከተማ ቦርድ ሲሰፋ የሚሠሩ ስህተቶች

«ሦስት ሰው ከተማ ሙሉ አይመራም፣ አምስት ይሁኑ።» «አምስትም አነሰ፣ ሰባት ይሁኑ።» ከተማ የሚያስተዳድረውን የተመረጠ ቦርድ ስለማስፋት ይህ ሐሳብ ሲነሳ የሚቃወም ብዙ ሰው የለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚልም አይጠፋም። እኔም ብዙ ጊዜ እደግፈዋለሁ። ጣጣው የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ የድሮውን ቁጥር ተማምነው የተጻፉ አንቀጾች አሉ። ቁጥሩ ሲቀየር እነሱን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

ምልዓተ ጉባኤውን ባለበት መተው

ምልዓተ ጉባኤ ማለት ቦርዱ መወሰን እንዲችል መገኘት ያለበት ትንሹ የአባላት ቁጥር ነው። ደንቡ «ሁለት አባላት ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል» ይላል እንበል። ቦርዱ ሦስት ሰው እያለ ይህ ልክ ነበር። አሁን አምስት ሆኗል፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን አልተነካችም። አንድ ዝናባማ ማታ ሁለት አባላት ብቻ ይመጣሉ። ሁለቱም እጃቸውን ያወጣሉ፣ የመንገድ ጥገናው ጨረታ ጸደቀ። የቀሩት ሦስቱ ወሬውን የሚሰሙት በማግስቱ ነው። ቢናደዱም ደንቡ ከሁለቱ ጋር ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በቁጥር ፈንታ «ከጠቅላላ አባላቱ ከግማሽ በላይ» ብሎ መጻፍ። ያኔ ቦርዱ ነገ ሰባት ቢሆንም ደንቡን መንካት አያስፈልግም።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ከተሞች መስፋትን የሚፈልጉት በዚህ የተነሳ ነው። እንደ አሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ባሉ ቦታዎች የቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላ ቁጥር ያላቸው አባላት ከስብሰባ ውጪ የቦርዱን ጉዳይ መምከር አይችሉም። የሦስት ሰው ቦርድ ምልዓተ ጉባኤ ደግሞ ሁለት ነው። ስለዚህ ሁለት አባላት መንገድ ላይ ተገናኝተው ስለ በጀት ቢያወሩ ሕግ ጣሱ ማለት ነው። አምስት ሲሆኑ ግን ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ መመካከር ይችላል። ለአንዳንዱ ነዋሪ ይህ እፎይታ ነው፣ ለሌላው ደግሞ የጓዳ ፖለቲካ መጀመሪያ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ብቻ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በግልጽ ይነገር።

«ሁለት ሦስተኛ» ያው ይመስላል

ከሦስት ሰው ሁለት ሦስተኛው ሁለት ነው። ተራው አብላጫ ድምፅም ሁለት ነው። ስለዚህ በሦስት ሰው ቦርድ ውስጥ «በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወሰናል» የሚለው አንቀጽ ለጌጥ የተቀመጠ ነበር። ቦርዱ አምስት ሲሆን አንቀጹ ነፍስ ይዘራል። የአምስት ሁለት ሦስተኛ 3.33 ነው፤ ሰው ደግሞ አይከፈልም፣ ስለዚህ አራት ድምፅ ያስፈልጋል። ያም 80 በመቶ ነው። ትናንት አንድ ተቃዋሚ ምንም አያግድም ነበር፣ ዛሬ ከአምስቱ ሁለት ብቻ ተባብረው መሬት መሸጡንም ብድሩንም ማስቆም ይችላሉ። ሰባት ላይ አምስት ድምፅ፣ ዘጠኝ ላይ ስድስት ይሆናል። ይህ መጥፎ ነው አላልኩም። ግን አንድም ነዋሪ ሳያስበው የመጣ የሥልጣን ለውጥ ነው።

የቆየ ሰነድ ላይ ማረም

የዚህ ስህተት ምሳሌ የሚገኘው ትልቅ ቦታ ላይ ነው። በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ ካውንቲን (ብዙ ከተሞችን ያቀፈ አስተዳደር ነው)፣ 10 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ፣ የሚመራው አምስት አባላት ያሉት ቦርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መራጮች ወደ ዘጠኝ እንዲያድግ አጸደቁ። በዓመቱ ጉድ ወጣ። መራጮች በ2020 ሌላ ድንጋጌ አጽድቀው ነበር። ካውንቲው እንደፈቀደ ሊያዝበት ከሚችለው የራሱ ገቢ ቢያንስ 10 በመቶውን ለማኅበረሰብ ልማትና ለእስር አማራጮች እንዲያውል የሚያዝ ነው። ይህ ድንጋጌ ቻርተሩ፣ ማለትም የካውንቲው መተዳደሪያ ሰነድ፣ ውስጥ መግባት ሲገባው ሳይገባ ቀረ። አዲሱን ማሻሻያ ያረቀቁት ሰዎች የሠሩት ባልታደሰው ቅጂ ላይ ነበር። አዲሱ ጽሑፍ አሮጌውን ሲተካ የ2020ውን ድንጋጌ ከ2028 ጀምሮ የሚሰርዝ ሆኖ ተገኘ። ሰው ወንበር ለመጨመር ድምፅ ሰጠ፣ ሳያውቀው በጀት ሻረ።

እና ምን ይደረግ? አሰልቺውን ሥራ መሥራት ነው። የከተማው ጸሐፊ ጋ ያለውን የመጨረሻ ቅጂ ውሰዱ። ከእሱ ወዲህ የጸደቀውን ሁሉ ከቃለ ጉባኤ ጋር አመሳክሩ። ከዚያ «ሦስት»፣ «ሁለት» እና «አብላጫ» የሚሉትን ቃላት አንድ በአንድ አስምሩባቸው።

ጥንድ ቁጥር

ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፣ አለቀ። ጥንድ ካደረጋችሁ እኩል ድምፅ ሲመጣ ማን እንደሚለይ ለእያንዳንዱ ውሳኔ ዓይነት ጻፉ። የኦሪገኗ ፖርትላንድ ምክር ቤቷን 12 አደረገች። በጥር 2025 በመጀመሪያው ስብሰባቸው የምክር ቤቱን ሊቀመንበር ለመምረጥ ሲቀመጡ 6 ለ 6 እየተከፈሉ ብዙ ዙር ድምፅ ሰጡ።

የሥራ ዘመኑን አለማሰናሰል

ሦስት አባላት፣ የሦስት ዓመት ዘመን፣ በየዓመቱ አንድ ወንበር ለምርጫ ይቀርባል። ሁለት ስትጨምሩ በዚያ ዓመት ሦስት ወንበር ይከፈታል። ለሦስቱም ሙሉ ዘመን ከሰጣችሁ በየሦስት ዓመቱ የቦርዱ አብላጫ በአንድ ምርጫ ይገለበጣል ማለት ነው። የተሻለው መንገድ፦ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሦስት ዓመት፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አንድ። ከዚያ በኋላ ዑደቱ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ሆኖ ይረጋጋል። ይህን ከምርጫው በፊት ጻፉት። ከምርጫው በኋላ «አንተ የአንድ ዓመቱ ነህ» ማለት ጠብ መጥራት ነው።

ወንበር መጨመርን ከውክልና ጋር ማምታታት

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። «ያልተወከሉ ሰፈሮች ድምፅ እንዲያገኙ» ተብሎ ቦርዱ ይሰፋል፣ የአመራረጡ መንገድ ግን አይነካም። መላው ከተማ ለሁሉም ወንበር የሚመርጥ ከሆነና 51 በመቶው አንድ ላይ ከቆመ አምስቱንም ይወስዳል፣ ዘጠኝ ብታደርጉት ዘጠኙንም። ፖርትላንድ እዚህ ላይ አስባበታለች። ከተማዋን በአራት የምርጫ ክልል ከፍላ ለእያንዳንዱ ሦስት ወንበር ሰጠች። መራጩም እጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በቅደም ተከተል ይመርጣል። ከሩብ በላይ ድምፅ ሊያገኙ የሚችሉት ቢበዛ ሦስት እጩዎች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ክልል ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ያገኘ እጩ ወንበሩን ይይዛል።

ምርጫ ሲደርስ መነካካት

ቶሮንቶ 2018። የእጩዎች ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ ከተማዋ ያለችበት የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት 47 ሊሆን የነበረውን ምክር ቤት ወደ 25 አወረደው። ነገሩ መቀነስ እንጂ መጨመር አልነበረም፣ ውዥንብሩ ግን ያው ነው፤ እጩ በየትኛው ክልል እንደሚወዳደር ጠፋው። ክርክሩ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2021 የኦንታሪዮ መንግሥት 5 ለ 4 ረታ። ቢረታም፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ቀደም ብሎ መጨረስ ይሻላል።

እጩ ይኖራል ብሎ ማሰብ

ላሉት ሦስት ወንበሮች ባለፉት ምርጫዎች ስንት ሰው ተወዳደረ? አንድ አንድ ብቻ ከሆነ፣ አምስት ወንበር ማለት ሁለት ባዶ ወንበር ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱን አለማስላት

ሦስት ሰው በአንድ አጀንዳ ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ቢናገር ግማሽ ሰዓት ነው። ሰባት ሲሆኑ ከአንድ ሰዓት ያልፋል፤ ያውም ነዋሪው ሳይናገር። የንግግር ገደብ በደንቡ ላይ አስቀምጡ፣ ግን አዲሶቹ ከመመረጣቸው በፊት ይሁን። አንዴ ከተቀመጡ የራሳቸውን አፍ የሚያስይዝ ደንብ በፈቃዳቸው አያጸድቁም።