ሪሞቱን ከመጣላችሁ በፊት በስልክ ካሜራ እዩት

ደሴ ፒያሳ ወርዳችሁ አዲስ ሪሞት ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ሞክሩ። የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱ፤ የሰልፊው ቢሆን ይሻላል። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዙሩና አንዱን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል ስክሪኑ ላይ ነጣ ወይም ሐምራዊ መስላ ብልጭ ድርግም ካለች ሪሞቱ ይልካል ማለት ነው። ችግሩን ከሪሲቨሩ ወይም ከቲቪው ፈልጉ። ምንም ካልታየ መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዩን ቀይሩ፤ የዛጉትን ሽቦዎችም ጠረግ ጠረግ አድርጓቸው።

የምታዩት ኢንፍራሬድ ነው፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለ፣ ዓይን የማያየው ብርሃን። ዓይናችን የሞገድ ርዝመቱ እስከ 700 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) ገደማ የሆነ ብርሃን ያያል፤ አብዛኛው ሪሞት የሚልከው 940 አካባቢ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 ኢንፍራሬድን ያገኘው በቴርሞሜትር ነበር፤ ሙቀቱን ለክቶ። በደሴ ብርድ ከሰል ዳር ስትቀመጡ ፊታችሁን የሚያሞቀውም በአብዛኛው እሱው ነው።

ብቻ አንዳንድ ካሜራ፣ በተለይ የኋላው፣ ኢንፍራሬድን የሚያግድ ማጣሪያ አለው። መጀመሪያ በሚሠራ ሪሞት፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ ሞክሩት።