ዓመተ ምሕረት አትጠይቋቸው

ደሴ ዙሪያ ገጠር ወርዳችሁ የአዛውንቶችን ታሪክ በስልክ የምትቀርጹ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። ጨዋታው እዚያው ይደርቃል። «በ66ቱ ረሃብ ጊዜ አንቱ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ አግብተው ነበር?» በሉ። ዕድሜውም ታሪኩም ተያይዞ ይመጣል። በዕድሜ ቀለል ላሉት 77ን ተጠቀሙ።

ደግሞ ቡናው ተወቅጦ እስኪያልቅ ታገሱ። እኔ አንዴ የሙቀጫ ድምፅ ብቻ ቀርጬ ኮምቦልቻ ገብቻለሁ! ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ካልሆነ መሀል ላይ ይደወልና ቅጂው ሊቋረጥ ይችላል። ከረከቦቱ አርቃችሁ፣ ወደ ተናጋሪው አስጠግታችሁ፣ የታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጡት። ምርቃቱ ሲጀመር አለቀ ብላችሁ እንዳታጠፉት። እኔ የገጠመኝ ምርጥ ወሬ ሁሉ ከዱዓው በኋላ የመጣ ነው።