ጥግ ሁሉ «ኮርነር» አይደለም

ደሴ ፒያሳ ትንሽ የጽሑፍ ቤት አለችኝ። ባነሩም፣ ብሮሸሩም፣ የኪራይ ማስታወቂያውም እንግሊዝኛው የሚታረመው እኔ ጋ ነው። ስፔሊንግ ስልካችሁ ያርመዋል። ስልክ የማያርመውን ልንገራችሁ።

ምልክት፦ እንግዳው ማስታወቂያውን ይዞ ይዞራል፣ ቦታውን አያገኘውም።

መንስኤ፦ ከአሥሩ ሰባቱ «ጥግ» ናት። የክፍል ማዕዘን ጥግ ነው። መንገድ ዳርም ጥግ፣ ውሃ ዳርም ጥግ። «ግድግዳው ጥግ አስቀምጠው» እንላለን። የእንግሊዝኛው «ኮርነር» ግን ሁለት ጎን ካልተጋጠመ የለም።

አንድ የሐይቅ ከተማ ሰው ለማረፊያ ቤታቸው «ኮርነር ኦፍ ዘ ሌክ» የሚል ባነር ሊያሠሩ መጡ። «ጋሼ፣ ሐይቁ ማዕዘን አለው እንዴ?» አልኳቸው። «ጥጉ ላይ አይደል እንዴ ቤቱ?» አሉኝ። በማግስቱ ራሳቸው አርመው «ኢን ዘ ሌክ» ብለው መጡ። ይኼማ አልጋውን ከአሣው ጋር ማንጠፍ ነው!

መፍትሄ፦ «ኦን ዘ ሌክ» ወይም «ባይ ዘ ሌክ»። «ኦን» ሲባል አብሽሩ፣ ቤቱ አይንሳፈፍም። ለጀልባ ከሆነ ውሃው ላይ፣ ለቤት ከሆነ ዳርቻው ላይ ማለት ነው። እስጢፋኖስ ገዳምን ግን «ኦን ኤ ፔኒንሱላ» በሉ፤ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነውና።

እውነተኛ ማዕዘን ሲሆንስ? ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሁለት መስመር አጋጥሜ እስላለሁ። ከውስጥ ቆመህ ሁለቱም ግድግዳ ትከሻህን ከነካህ «ኢን ዘ ኮርነር» ነው፤ ቁምሳጥኑ እዚያ ይቆማል። ከውጭ፣ መንገድ መታጠፊያው ላይ ያለ ሱቅ «ኦን ዘ ኮርነር» ነው። እዚያው መታጠፊያ ጋ ከሰው ጋር ለመገናኘት ስትቀጣጠር «ኤት ዘ ኮርነር» በል። ሱቁን «ኢን» ያለ ሰው ሱቁን ሳሎን ውስጥ አስገባው።

ባነሩ ከታተመ በኋላ አትምጡ። ቀለም ከደረቀ እኔ ምን አደርጋለሁ?

ምልክት፦ ተከራይ ክፍሉን አይቶ «የተጻፈው ይኼ አይደለም» ይላል።

መንስኤ፦ «ጠባብ» ሁሌ «ናሮው» እየተባለ። «ናሮው» ወርዱ ያነሰ ነው፤ ኮሪደር ይመስላል። ሦስት በሦስት ክፍል ናሮው አይደለም፣ «ስሞል» ነው። ዕቃ አጨናንቆት መላወሻ ከጠፋ «ክራምፕድ» ነው፤ ይኼን ግን ማስታወቂያ ላይ የሚጽፍ የለም። የደላላ መድኃኒት «ኮዚ» ናት። ኮዚ ግን ሙቀትም አለበት። የጦሳ ተራራ ብርድ በበሩ ሥር የሚገባበትን ክፍል ኮዚ አትበሉ፣ ነውር ነው።

«ሰፈር» ደሴ ውስጥ «ነይበርሁድ» ነው። ሆጤን «ቪሌጅ» ያለ አለ፣ የሆጤ ልጆች አይስሙ።

«ኖ ሩም» ቦታ የለም፣ «ኖ ሩምስ» አልጋ የለም።

የወሎን ደጋ «ኢን ዘ ሃይላንድስ» በሉ። «ስ»ዋን አትርሱ፣ አለበለዚያ የታሸገ ውሃ የምትሸጡ ትመስላላችሁ።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። «ባይ ዘ ሌክ» ብዬ አተምኩላቸው። ባነሩን ዘርግተው አዩና «ጥጉስ የት ሄደ?» አሉኝ።