የቤተሰብ ፎቶ ጀርባ ላይ ስትጽፉ

የድሮ ፎቶ ትርጉም የሚያጣው በምስሉ ያሉትን ሰዎች የሚለይ ሲያልቅ ነውና፣ የሚያውቋቸው በሕይወት እያሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ፎቶውን ንጹሕና ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ድፉት፤ ከዚያ በለስላሳ እርሳስ («2B» የሚል የልስላሴ ምልክት ያለበት ይበቃል) ጠርዙ አካባቢ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ በፍጹም! ጫፉ ወረቀቱን ሰርስሮ በፊት በኩል ይታያል፤ ቀለሙም ከላይ ወደተደረበው ፎቶ ይጋባል። ጀርባው እንደ ፕላስቲክ የሚያዳልጥ ፎቶ እርሳስ አይቀበልም። እሱን ለብቻው የወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጉት፤ ጽሑፉ ግን ፎቶው ከመግባቱ በፊት ፖስታው ላይ ይስፈር።

«አያቴ» ብሎ መጻፍ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነው። የማን አያት? ከ40 ዓመት በኋላ የሚያነበው ልጅ ጸሐፊው ማን እንደነበር አያውቅም። ሙሉ ስም ከነአባት፣ ከግራ ወደ ቀኝ በቅደም ተከተል፣ ከዚያ ቦታና ዓመት። ዓመቱ በግምት ከሆነ «ገደማ» የምትለዋን አትርሱ፤ ግምት እንደ እውነት ተጽፎ ከቀረ የሚያርመው አይገኝም።

ከፎቶ ሌላ በውርስ በመጣ ሰዓት፣ ጌጥ ወይም ልብስ ላይ ስትጽፉ ደግሞ ተለጣፊ ወረቀት አትጠቀሙ፣ ሙጫው እድፍ ይተዋል። ማን ለማን እንዳወረሰው በትንሽ ካርቶን ጽፋችሁ በነጭ የጥጥ ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩት።